ነጯ ፔጆ፦ የአንዲት አሮጌ ፒኤክስ-10 የጥገና ማስታወሻ

ማርች 9

ሐረር ያደገ ሰው ፔጆ ሲባል የሚታየው ሰማያዊው 404 ታክሲ ነው። ብስክሌት አይደለም። ዛሬ ጠዋት እዚህ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ዳር ባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ እግሩ ከተሰበረ ወንበርና ከዛጉ ድስቶች መሀል፣ አንገቷ ላይ የፔጆ አንበሳ የቆመባት ነጭ ብስክሌት ሳይ ብቻዬን የሳቅኩት ለዚህ ነው። ነጭ የምላትም በይሉኝታ ነው፤ ቀለሟ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። ካቴና የላትም፣ የኋላ ማርሽ ቀያሪ የላትም፣ ኮርቻዋ የሌላ ብስክሌት ነው፣ የፊት ጎማዋ ቸርኬው ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሻጩ 180 ዩሮ አለኝ፤ 100 አልኩት፤ በ140 ተጨባበጥን።

እቤት እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግኩት የኮርቻውን ዘንግ ነቅዬ መለካት ነው። ካሊፐሩ 26.4 ሚሊሜትር አለ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው 26.4። ፔጆ ለሰፊው ገበያ ይሠራቸው የነበሩት ብስክሌቶች ዘንጋቸው 24 ሚሊሜትር ነው፤ የቱቦው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ይጠባል። 26.4 ከሆነ ቱቦው ስስ ነው ማለት ነው። ኮርቻው ሥር ባለው ቱቦ ላይ ደግሞ ግማሹ የተላጠ ተለጣፊ አለ፤ ከጽሑፉ የቀረው “53” ብቻ ነው። ቀጣዩ ቁጥር 1 እንደነበረ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሬይኖልድስ 531፣ የውድድር ብስክሌት የሚሠራበት ስስ የእንግሊዝ ቱቦ። ፒኤክስ-10 ናት ማለት ነው። ሰውዬው ይህን ቢያውቅ ኖሮ በ140 አይለቃትም ነበር።

ማርች 12

ዛሬ ሥራ የለም፣ መቁጠርና ማሰብ ብቻ። (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፒኤክስ-10 ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ የፔጆ ዋና የውድድር ብስክሌት ነበረች። ስሟ ያው፣ ነጭነቷ ያው፤ ከሥሩ ያለው ነገር ግን ዓመት በዓመት ሲቀያየር የኖረ ነው። እንደ ኮንዶሚኒየም አድርጋችሁ አስቧት፦ የብሎኩ ቁጥር አይቀየርም፣ ነዋሪው ግን ይገባል ይወጣል። ቱቦው ከእንግሊዝ፣ ከበርሚንግሃም ይመጣ ነበር፤ ሬይኖልድስ 531ን ገበያ ያወጣው በ1935 ሲሆን ጫፍ ጫፉ ወፈር ብሎ መሀሉ የሚሳሳ የማንጋኒዝና ሞሊብዲነም ብረት ነው። ፍሬኑን ክሌርሞን-ፌራን የነበረው ማፋክ፣ የፔዳል ክንዱን ሴንት ኤትየን የነበረው ስትሮንግላይት፣ ማርሽ ቀያሪውን ዲጆን የነበረው ሲምፕሌክስ ይሠሩ ነበር። ከሊዮን ብትነሱ ከሦስቱ ከተሞች ወደ ፈለጋችሁት በባቡር ደርሳችሁ ለእራት ትመለሳላችሁ። እኔ እንኳ ሴንት ኤትየን ለሥራ ስመላለስ የፋብሪካ ከተማ መሆኑን እንጂ እቤቴ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት መሆኑን አላውቅም ነበር።

አሁን ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ የስንት ዓመት ናት? ምኞቴን አልደብቅም፤ 1966 ብትሆን ደስ ይለኛል። በዚያ ዓመት መጋቢት ውስጥ ገና ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ የፔጆን ማልያ ለብሶ ሚላን-ሳንሬሞ የሚባለውን የጣሊያን ውድድር አሸነፈ፤ በ1967 ደገመው። የቡድን ጓደኛው ቶም ሲምፕሰን በ1965 የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ1967 ሐምሌ ሞን ቫንቱ አቀበት ላይ ሕይወቱ አለፈ። ነጭ ማልያ፣ ደረቱ ላይ እንደ ዳማ ሰሌዳ የጥቁር ካሬ ሰልፍ። እነዚያው ካሬዎች ብስክሌቴ ቱቦ ላይ አሉ።

መልካም ምልክት፦ ራኮሮቿ። ራኮር ቱቦና ቱቦ የሚገናኙበትን ቦታ እንደ እጅጌ የሚያቅፈው ብረት ነው፤ ቱቦው ይሰካበትና በነሐስ ይበየዳል። የእኔዋ ኔርቬክስ የሚባለውን ዓይነት ለብሳለች፤ ጫፉ እንደ ቅጠል የሚጠማዘዝ፣ ዙሪያው በጥቁር ቀለም የተሰመረ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ፔጆ ይህን ትቶ ጌጥ ወደሌለው ቀላል ራኮር ሄደ። ስለዚህ ጣሪያውን አገኘሁ፦ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት። ወለሉን ገና እፈልጋለሁ።

ማርች 15

የፔዳል ክንዱን ልፈታ ሞከርኩ፤ አበላሸሁት። በዝርዝር ልጻፈው፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው።

ስትሮንግላይት 93 ክንዱ ከፔርኖው፣ ማለትም ሁለቱን ክንዶች ከሚያገናኘው ዘንግ ጋር የሚያያዘው በብሎን ነው። ብሎኑን ፈትታችሁ ክንዱ አይወጣም፤ ክንዱ ላይ ባለው፣ የብሎን ጥርስ በወጣለት ቀዳዳ ውስጥ መንቀያ ታስገቡና መሀሉን ስትጠመዝዙ ፔርኖውን እየገፋ ክንዱን ይስበዋል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው መንቀያ ሁሉ 22 ሚሊሜትር ነው። ያንን ሳስገባው ወለቅ ወለቅ አለ፣ ምንም አልነካ። ከዚያ አንድ ወዳጄ ለሌላ የፈረንሳይ ክንድ የተሠራ 23 ሚሊሜትር መንቀያ አዋሰኝ። ይሄኛው ገባ። ትንሽ ላላ ቢልም ጥርሱን የያዘ መሰለኝ። መፍቻውን ጨብጬ ተጫንኩ። አንድ ሩብ ዙር፣ ሌላ ሩብ ዙር፤ ከዚያ እጄ ላይ ያ ማንም መካኒክ የሚያውቀው ስሜት መጣ፤ ብረቱ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። አቆምኩ። መንቀያውን ሳወጣው ጫፉ ላይ የተጠቀለለ ቀጭን የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ይዞ ወጣ።

የዚህ ክንድ ትክክለኛ ልክ 23.35 ነው። ሦስት መቶ ሃምሳ ማይክሮን አቅልዬ ነው ይህ ሁሉ።

ማርች 16

ሰፈራችን ውስጥ ሰው የራሱን ብስክሌት የሚጠግንበት የማኅበር ጋራዥ አለ። እዚያ የሚያግዙ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ አሉ፤ እኔ ለራሴ “ሙሴ” እላቸዋለሁ፣ አባቴ ፈረንጅ ሁሉ ይጠራበት በነበረው ስም። ክንዱን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጥርሱን በጥፍራቸው ዳሰሱት።

“ማነው የነካው?”

“እኔ ነኝ።”

“ቢያንስ አልዋሹም” አሉኝና ከመሳቢያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ መንቀያ አወጡ። የሄዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥርሶች ብቻ ናቸው። የራሳቸውን መንቀያ ግራሶ ቀብተው በእጃቸው እስከ ጥግ አስገቡት፤ እስከ መጨረሻው እጅ ብቻ፣ መፍቻ የለም። ከዚያ ብቻ መፍቻ። ክንዱ “ጧ” ብሎ ወጣ። ሌላኛውም እንዲሁ።

ማርች 22

የፔዳል ቤት። ፔርኖው ወጥቷል፣ ኳሶቹ አንድ የቡና ሲኒ ውስጥ ነጭ ጋዝ ውስጥ ተኝተዋል። የቀረው በቀኝ በኩል ያለው፣ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ቀለበት ነው፤ ሃምሳ ዓመት ማንም ያልነካው።

እዚህ ላይ ነው ፈረንሳይ ራሷን የቻለች ሀገር መሆኗን የምታስታውሱት። በእንግሊዙ ልክ የቀኙ ቀለበት የግራ ጥርስ ነው፤ ወደ ቀኝ ስታዞሩት ይፈታል። ፔዳል ሲመታ እየላላ እንዳይወጣ ታስቦ ነው። በፈረንሳዩ ግን ሁለቱም ወገን 35 በ1 ሚሊሜትር፣ ሁለቱም የቀኝ ጥርስ ናቸው። ፔጆ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ስዊዝ ወደሚባለው ዞረ፦ ልኩ ያው 35፣ የቀኙ ግን የግራ ጥርስ። በኋላም ወደ እንግሊዙ። ማለት አንድ ሞዴል፣ ሦስት ዓይነት ጥርስ። አቅጣጫውን ሳያውቁ ረጅም ቧንቧ መፍቻው ላይ አስገብቶ መታገል ማጥበቅ ነው።

የእኔዋ ከራኮሯ በመነሣት የፈረንሳዩ ትሆናለች ብዬ ወደ ግራ ተጫንኩ። አልተነቃነቀም። ቀለበቱን ሞርሳ ውስጥ አስሬ ቴላዮውን፣ የብስክሌቷን አካል ራሱን፣ እንደ መሪ ይዤ አዞርኩ። ሙሴ የፊቱን ቱቦ ይዘው “ቀስ፣ ቀስ” ይሉኛል። ከዚያ ተንቀጠቀጠና ለቀቀ። ወደ ግራ። ግምቴ ትክክል ነበር። ውስጡ የገባው ግራሶ እንደ ሙጫ ጠቁሮ ደርቋል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ግን ያብረቀርቃል።

ማርች 29

ዓመቱ ተገኘ። ዓመቶቹ ማለት ይሻላል።

የጎማው እምብርት ላይ፣ ሽቦዎቹ ከሚሰኩበት ክፈፍ ጎን፣ ኖርማንዲ የሚባሉት የማያር ፋብሪካ ሥሪቶች የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገር ትንሽ ቁጥር አላቸው። ቆሻሻውን በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ በስልኬ መብራት ሳይ የኋላው 19 እና 73 ይላል። አሥራ ዘጠነኛ ሳምንት፣ 1973። የፊቱ ደግሞ 44 እና 71። ፍሬኗ ማፋክ ኮምፔቲሲዮን ነው፤ ይህም ከቀድሞው ሬሰር ክንዱ ያጠረ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፒኤክስ-10 ላይ የገባ ዓይነት ነው። ፋብሪካው መደርደሪያው ላይ ያገኘውን ይገጥም ነበርና ዓመት ተኩል የሚራራቁ እምብርቶች አብረው መውጣታቸው አይገርምም። ወይም አንዱ ጎማ በኋላ የተቀየረ ነው። ለማንኛውም 1966 አይደለችም። መርክስ ያኔ ከፔጆ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል።

ቅር አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ግን 1973 የራሷ ታሪክ አላት። ያኔ አሜሪካኖች ብስክሌት እንደ ዳቦ የሚገዙበት ጊዜ ነበር፤ የፈረንሳይ ፋብሪካዎች ማድረስ አቅቷቸው ነበር፤ ፒኤክስ-10ም ከውድድር ቡድኑ ይልቅ ለካሊፎርኒያ ተማሪ የምትላክ ሆነች። የኔርቬክስ ራኮርን የተጠማዘዘ ጫፍ በእጅ መሞረድ የሚወስደውን ጊዜ አስቡ፤ ጌጥ በሌለው ራኮር የተተካው ውበቱ ሰልችቶ አይመስለኝም። የፔጆ ጋላቢው ቤርናር ቴቨኔ በ1975 ፕራ ሉ ተራራ ላይ መርክስን ጥሎት ሄዶ ቱር ደ ፍራንስን ሲወስድ፣ በ1977ም ሲደግመው፣ ፔጆ ለጋላቢው ቁመት ተለክታ የምትሠራ ፒዋይ-10 የምትባል ታላቅ እህት ወደ ማምጣቱ ሄዶ ነበር። የእኔዋ እንግዲህ የመጨረሻዎቹ የተጌጡት ወገን ናት።

ኤፕሪል 2

ቀለም። አልቀባትም፣ ወስኛለሁ። በሳሙና ታጠበች፣ በመኪና ማወልወያ ታሸች። የፎርኩ ጫፍ ክሮሙ ላይ ያለውን ዝገት በተጨማደደ አሉሚኒየም ወረቀትና በውሃ ፈተግኩት፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

አንበሳውን ስጠርግ የተረዳሁት ነገር፦ ይህ አንበሳ ከመኪናውም ከብስክሌቱም በፊት የመጋዝ ምልክት ነበር። በ1858 ሲመዘገብ የመጋዙ ጥርስ እንደ አንበሳ ጥርስ ጠንካራ ነው ለማለት ነው። የፔጆ ቤተሰብ ብረት ይሠራ ነበር፤ መጋዝ፣ ሞላ፣ ከ1840 ጀምሮ ደግሞ የቡና መፍጫ፤ ብስክሌት የመጣው በ1882 ነው። እናቴ የምትወቅጥበት ሙቀጫ አጠገብ የፔጆ ቡና መፍጫ ቢቀመጥ ኖሮ፣ በር ላይ ታክሲው፣ ጓዳ ውስጥ መፍጫው፤ እንግዲህ ብስክሌቷ ሦስተኛ ልጅ መሆኗ ነው።

ኤፕሪል 12

ማርሽ ቀያሪ። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ወስዷል።

በዚያ ዘመን የነበራት ሲምፕሌክስ ዴልሪን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ሉሲየን ዡዊ የመሠረቱት ይህ ፋብሪካ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብረትን በፕላስቲክ ሲተካ ዘመናዊ መሆኑ ነበር፤ ቀላል ነው፣ ዝገት አያውቅም፣ ያለ ዘይት ይንሸራተታል። ግን ፕላስቲክ በሃምሳ ዓመት ይደርቃል። ፋብሪካውም በ1970ዎቹ ውስጥ ሱፐር ኤልዢ የሚባለውን ቀያሪ አምጥቶ ወደ ብረት ተመለሰ። 

ቀያሪው የሚሰቀልበትን ጆሮ ሳይ ግን ሌላ ታሪክ አገኘሁ። የሲምፕሌክስ ጆሮ ቀዳዳው ልሙጥ ነው፣ ጥርስ የለውም። የእኔዋ ጥርስ አለው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ 10 ሚሊሜትር ጥርስ አውጥቶበታል፣ ጫፉንም በሞረድ ነክቶታል። ማለትም የቀድሞው ባለቤት ፕላስቲኩን ጥሎ ሌላ ገጥሟል። ያኔ ብዙዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የጃፓኑ ሰንቱር በ1964 ያመጣው ገደድ ያለ አሠራር ቀያሪውን ከጥርሶቹ ተዳፋት ጋር አብሮ ስለሚያስኬደው፣ ከፈረንሳዩም ከጣሊያኑም በላይ ጥርት አድርጎ ይቀይር ነበር። ሌሎቹ የገለበጡት የፈጠራ መብቱ በ1980ዎቹ አጋማሽ ካለቀ በኋላ ነው።

አባባ ደውለው ነበር። ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ አርባ ዓመት የሰፉ ሰው ናቸው፤ ነገሩን በሙሉ ነገርኳቸው፤ ፋብሪካው ያወጣትን ልመልስ ወይስ ሰውዬው ያደረገውን ልቀበል ብዬ። ዝም ብለው ሰሙኝና፦

“ኮት ሲያመጡልኝ ቁልፉ ተቀይሮ አገኛለሁ። ያስቀየረው ሰው በርዶት ነው እንጂ ሊያበላሸው አይደለም። ቀዳዳው አሁን ስንት ነው ያልከው?”

“10 ሚሊሜትር።”

“እንግዲህ በ10 የሚገባ ቁልፍ ፈልግ።”

25 ዩሮ ከፍዬ ያገለገለ ሰንቱር ገዛሁ። ሙሴ ሲያዩት ከንፈራቸውን መጠጡ። “ጃፓን” ብለው ብቻ ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ኤፕሪል 20

ጎማ። ፋሲካ ስለሆነ ሁሉ ዝግ ነው፤ እቤት ቁጭ ብዬ ስሰፋ ዋልኩ። ስሰፋ ስል በእውነት በመርፌ ነው።

የዚህች ብስክሌት ቸርኬ እኛ የለመድነውን ጎማ አይቀበልም። የሚቀበለው ፈረንሳዮች “ቦያዩ” የሚሉትን ነው፤ ቃሉ አንጀት ማለት ነው፣ ስሙም ልክ ነው፤ ካላማዳሪው ሸራ ውስጥ ገብቶ ዙሪያው ተሰፍቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ቸርኬው ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋል። ቀላልና ለስላሳ ነው። ሲበሳ ግን ወዮላችሁ። ጎሚስታ ጋር ወስዶ በአምስት ደቂቃ ማስለጠፍ የለም። ከጀርባው ያለውን ጨርቅ ልጣችሁ፣ ስፌቱን ፈትታችሁ፣ ካላማዳሪውን አውጥታችሁ ለጥፋችሁ፣ በዚያው ቀዳዳ መልሳችሁ ትሰፉታላችሁ።

ሙሴ የሰጡኝ የተበሳ አንድ ጎማ ነበር፤ ተለማመድበት ብለው። ቀዳዳውን በውሃ ውስጥ ፈለግኩት፤ አረፋው ከፓምፑ አፍ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ወጣ። እዚያ ቦታ ላይ በግራና በቀኝ አራት አራት ጣት ያህል ስፌት ፈታሁ። ከመፍታቴ በፊት ግን ክሩን አቋርጦ በእስክሪብቶ ሁለት መስመር ማስመር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ስትሰፉት አንዱ ከንፈር ከሌላው ይንሸራተትና ጎማው ሲነፋ እባብ ይሆናል። ይህን ያወቅኩት ከፈታሁት በኋላ ነው። ስልክ አነሣሁ።

“አባባ፣ ከንፈሩ አልገጥም አለኝ።”

“ከመሀል ጀምረህ ወደ ዳር ስፋ። ክሩን ሰም ቀብተኸዋል?”

አልቀባሁትም። ሻማ ላይ ጎትቼ ቀባሁት። ድርብ ክር፣ ጫፉ ያልሾለ መርፌ፣ ካላማዳሪውን እንዳልወጋ በግራ ጣቴ ወደ ታች ተጭኜ፣ የድሮውን ቀዳዳ እየተከተልኩ። ስጨርስ ፎቶ ላክሁላቸው። መልሳቸው በአንድ መስመር መጣ፦ “ጠበቅ አድርገህ ነው የሰፋኸው፣ ጨርቁ ተጨማዷል።” ተነፋ፤ ልክ ናቸው፣ እዚያ ቦታ ላይ ጉብታ አለ። ይህን መጠባበቂያ አደርገዋለሁ፤ ለሁለቱ ቸርኬዎች አዲስ ገዛሁ።

ኤፕሪል 27

ተገጣጠመች። አዲስ ኳሶች፣ አዲስ ግራሶ፣ አዲስ የፍሬን ሽቦ። የተበላሸው የፔዳል ክንድ ያለ ችግር ገባ። ፔዳሎቹ ላይ “ዴ” እና “ዤ” የሚሉ የፈረንሳይ ፊደሎች ተቀርጸዋል፣ ቀኝና ግራ ለማለት፤ ጥርሳቸው 14 ሚሊሜትር ነውና የዛሬው ፔዳል ተገፍቶ ካልሆነ አይገባም። አላስገባሁም። ማጣበቂያው ሌሊቱን ይድረቅ።

ሜይ 3

ጠዋት በሶን ወንዝ ዳር ሃያ ኪሎሜትር ያህል ጋለብኩ። ሜዳ ላይ ደስታ ናት። ማርሹን የምትቀይሩት ታችኛው ቱቦ ላይ ባለ ትንሽ ዘንግ ነው፤ “ጠቅ” የሚል ነገር የለም፣ እስኪያርፍ ድረስ በጣት ፈልጎ ማስተካከል ነው። አምስተኛ ሙከራዬ ላይ እጄ ለመደ።

ከዚያ ወደ ክሯ ሩስ አቀበት አዞርኳት። የፊቱ ጥርሶች 52 እና 45 ናቸው፣ ከኋላ ትልቁ 21። አስሉት፦ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ከሁለት ጊዜ በላይ ይዞራል፤ አራት ሜትር ተኩል መንገድ በአንድ ግፊት። ለመርክስ ጭን የታሰበ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ኩርባ ቆሜ ጨረስኩ፣ ሁለተኛው ላይ ወርጄ ገፋኋት። ዳቦ ይዛ የምትወጣ አንዲት ሴት አለፈችኝ።

ስወርድ ሌላ ነገር መጣ። የፊት ፍሬን ስነካ ብስክሌቷ ጮኸች፤ እንደ ባቡር ፉጨት፣ ከላይ እስከ ታች፤ የእግረኛ መንገድ ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የፍሬን ጎማዎቹን ቸርኬው ላይ ቀጥ አድርጌ ነው ያሰርኳቸው፣ የፊት ጫፋቸው ትንሽ ቀድሞ መንካት አለበት። ነገ አንድ የታጠፈ ካርቶን ከኋላ ጫፋቸው ሥር አስገብቼ እንደገና አስራቸዋለሁ። ስትሮንግላይት 93 ላይ እስከ 38 ጥርስ የሚወርድ ክብ ስለሚገባም፣ አንድ አገልግሎት የሰጠ 38 አዝዣለሁ፤ ሙሴ ይህንን እስካሁን አልሰሙም።